የላብራቶሪ ሪፖርት አጻጻፍና የተለመዱ ስህተቶች

የላብራቶሪ ሪፖርት (በተማሪዎች አጠራር «ላብ ሪፖርት») ማለት አንድ ተማሪ ወይም አንድ የተማሪዎች ቡድን በቤተ ሙከራ ውስጥ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደለካና ከልኬቱ ምን እንደተረዳ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በተፈጥሮ ሳይንስ፣ በምህንድስና፣ በግብርናና በጤና ትምህርቶች ይጻፋል። ሪፖርቱ አጭር ቢሆንም ብዙ ተማሪዎች ነጥብ የሚያጡት ሙከራውን ስላበላሹ ሳይሆን በትክክል የሠሩትን ሙከራ በጽሑፍ ስላበላሹት ነው።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ምሳሌዎች በአብዛኛው ከአርባ ምንጭና ከጋሞ ዞን የተወሰዱ ናቸው። በከተማዋ የሚገኘው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ተቋቁሞ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከመነሻው የውሃ ትምህርት ማዕከል ስለነበረ ውሃ መለካት ለዚህ ከተማ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በተጨማሪም አካባቢው በአጭር ርቀት ውስጥ ከሐይቅ ዳር እስከ ጨንቻ ደጋ ድረስ ስለሚወጣ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ቁጥርና የአካባቢው ቁጥር አንድ እንዳልሆኑ በግልጽ ይታይበታል።

የሪፖርቱ ክፍሎች

የተለመደው ሪፖርት ርዕስ፣ ዓላማ፣ አጭር ንድፈ ሐሳብ፣ ዕቃዎች፣ አሠራር፣ ውጤት፣ ውይይትና መደምደሚያ አለው። አንዳንድ መምህራን ንድፈ ሐሳቡን ከዓላማው ጋር ያጣምሩታል፤ ሌሎች ከፊት ለፊቱ ጠቅላላ አጭር መግለጫ ይጠይቃሉ። ይህን ከመምህሩ መጠየቅ ይበቃል። ስህተት የሚበዛው በክፍሎቹ ስም ሳይሆን በክፍሎቹ ውስጥ በሚገባው ነገር ላይ ነው። በተለይ ውጤት የሚለው ክፍል «ምን ታየ» የሚለውን ብቻ ሲመልስ፣ ውይይት የሚለው ደግሞ «ለምን እንዲህ ታየ» የሚለውን ይመልሳል። ብዙ ሪፖርቶች ውጤቱን በውይይት ክፍል ውስጥ በሌላ ቃል ደግመው ይጽፉና ውይይት ሳይኖራቸው ያልቃሉ።

የሚጠበቀውን ቁጥር መጻፍ

ከሁሉም ስህተቶች ከባዱ ይህ ነው። ተማሪው የለካውን ሳይሆን ሊለካው ይገባ ነበር ብሎ ያሰበውን ይጽፋል።

ጥሩ ምሳሌ የውሃ ነጥበ ፍሌት ነው። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ እንማራለን። ይህ እውነት የሚሆነው ግን በባሕር ጠለል ላይ ባለው የከባቢ አየር ግፊት ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ወደ 87 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል፤ ንጹሕ ውሃም በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን ሽቅብ ተወጥቶ በሚደረስባት በጨንቻ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ 91 ዲግሪ ይወርዳል። ደጋ ላይ ባቄላና አተር ለመብሰል ጊዜ የሚፈጀው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህንንም የጨንቻ እናቶች ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል።

አሁን አንድ ተማሪ አርባ ምንጭ ውስጥ ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትሩ በ95.5 ዲግሪ ላይ ቆመ እንበል። ልኬቱ በጣም ጥሩ ነው። ተማሪው ግን ተደናግጦ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ይልና ሰንጠረዡ ላይ 100 ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛውን ቁጥር ሰርዞ የተሳሳተ ቁጥር አስገባ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ የከፍታና የግፊት ግንኙነት በዓይኑ ፊት ቆሞ ሳለ አልፎት ሄደ። ሰንጠረዡን የሚያይ መምህር ደግሞ 100.0 የሚል ቁጥር ከአርባ ምንጭ ሲመጣለት ሙከራው እንዳልተሠራ ወይም ውጤቱ እንደተለወጠ ወዲያው ይገባዋል።

ቴርሞሜትሩ በእርግጥ ተጠራጣሪ ያደርግ ከሆነ መፍትሔው መመርመር ነው። እየቀለጠ ባለ በረዶና ውሃ ድብልቅ ውስጥ ሲገባ 0 ዲግሪ ወይም ለዚያ የቀረበ ማሳየት አለበት። 1.5 ካሳየ ይህ ራሱ በሪፖርቱ ውስጥ ይጻፋል፤ በልኬቶቹም ላይ ማስተካከያ ይደረጋል።

ማኑዋሉን መገልበጥ

የላብ ማኑዋል ትእዛዝ ነው፦ «250 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ፤ ለ24 ሰዓት አድርቁ»። የሪፖርቱ የአሠራር ክፍል ግን የተፈጸመውን የሚናገር ምስክርነት ነው። ማኑዋሉን ቃል በቃል የሚገለብጥ ተማሪ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንደኛው የሰዋስው ነው፤ የትእዛዝ ግስ በሪፖርት ውስጥ ቦታ የለውም። ሁለተኛውና ትልቁ የእውነት ጉዳይ ነው።

የአፈር እርጥበት ሙከራን እንውሰድ። ናሙናው ይመዘናል፣ ከ105 እስከ 110 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ለ24 ሰዓት ያህል ይደርቃል፣ እንደገና ይመዘናል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ለ6 ሰዓት ቢቆይ ናሙናው የደረቀው 18 ሰዓት ብቻ ነው፤ በመካከልም ምድጃው ቀዝቅዟል። ሪፖርቱ «24 ሰዓት ደረቀ» ካለ ዝቅ ብሎ የመጣውን የእርጥበት መጠን ማንም ሊያስረዳው አይችልም። «ናሙናው 24 ሰዓት ምድጃ ውስጥ ቆየ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለ6 ሰዓት ያህል ኃይል ተቋርጦ ነበር» ከተባለ ግን አንባቢው ሁሉም ነገር ይገባዋል። የመብራት መጥፋት የተማሪው ጥፋት አይደለም፤ አለመጻፉ ግን ነው። ክብደቱ በተከታታይ ሁለት ምዘናዎች ሳይለወጥ እስኪቆይ ድረስ ማድረቅና ይህንኑ መጻፍ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ሌላው ምሳሌ የአባያ ሐይቅ ውሃ ነው። አባያ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ የሚታይበት በውስጡ ተንሳፎ በሚቆየው ደቃቅ ደለል ምክንያት ነው። ይህን ውሃ በቀለም መለኪያ መሣሪያ የሚመረምር ተማሪ ናሙናውን አጣርቶት እንደሆነ ካልጻፈ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ያልተጣራ ከሆነ ደለሉ ብርሃኑን ስለሚጋርድ መሣሪያው የሚፈለገው ኬሚካል የበዛ አስመስሎ ሊያነብ ይችላል። ማኑዋሉ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ታስቦ የተጻፈ ከሆነ «አጣሩ» የሚል መስመር ላይኖረው ይችላል፤ ያጣራው ተማሪ ግን መጻፍ አለበት።

ከካልኩሌተር የሚመጡ አሃዞች

በፊዚክስ ላብ የመሬት ስበት ፍጥንጥነትን በፔንዱለም መለካት የተለመደ ነው። የክሩ ርዝመት 80.0 ሴንቲ ሜትር፣ ለ20 ሙሉ ውዝዋዜ የተመዘገበው ጊዜ 35.9 ሰከንድ ነው እንበል። አንዱ ውዝዋዜ 1.795 ሰከንድ ይሆናል፤ በቀመሩ ሲሰላ ካልኩሌተሩ 9.802138 ሜትር በሰከንድ ካሬ ያሳያል። ብዙ ተማሪዎች ሰባቱንም አሃዝ ሪፖርቱ ላይ ያሰፍራሉ።

በእጅ የሚያዝ ሰዓት ሲከፈትና ሲዘጋ የሰው እጅ 0.2 ሰከንድ ያህል ሊዘገይ ወይም ሊቀድም ይችላል። ከ35.9 ሰከንድ ውስጥ 0.2 ሰከንድ 0.56 በመቶ ነው። ጊዜው በቀመሩ ውስጥ በራሱ ስለሚባዛ ጥርጣሬው እጥፍ ሆኖ 1.1 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ትክክለኛው አጻጻፍ 9.8 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.1 ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አሃዞች ከካልኩሌተሩ የመጡ እንጂ ከሙከራው የመጡ አይደሉም።

እዚህ ላይ አንድ የአካባቢ ጉዳይ አለ። በመጻሕፍት ውስጥ የተለመደው 9.81 ለመካከለኛ ኬክሮስ አገሮች የሚስማማ ነው። ስበት ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡና ከፍታ ሲጨምር ስለሚቀንስ በአርባ ምንጭ የሚጠበቀው 9.78 ገደማ ነው። 0.1 ጥርጣሬ ያለው ልኬት ሁለቱን አይለይም፤ ሁለቱም በውስጡ ይገባሉ። ስለዚህ «ውጤታችን 9.81 ስለሆነ ሙከራው ፍጹም ነው» የሚል ተማሪም «9.81 ስላልመጣ ተሳስተናል» የሚል ተማሪም አልተሳካላቸውም። 20 ውዝዋዜ በመቁጠር ፋንታ 100 የቆጠረ ቡድን ግን የጊዜው ጥርጣሬ አንድ አምስተኛ ይሆንለታል፤ ርዝመቱን እስከ ሚሊ ሜትር በጥንቃቄ ከለካ ጠቅላላ ጥርጣሬው ወደ 0.03 ገደማ ወርዶ ልዩነቱ መታየት ይጀምራል።

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ። በቲትሬሽን ቢዩሬቱ ላይ 12.40 ሚሊ ሊትር ያነበበ ተማሪ መጨረሻ ላይ ያለችው ዜሮ ጥቅም የላትም ብሎ 12.4 ይጽፋል። ዜሮዋ ግን እስከዚያ ቦታ ድረስ እንደተነበበ የምትመሰክር ናት።

«የሰው ስህተት»

በውይይት ክፍል ውስጥ በጣም የሚደጋገመው ዓረፍተ ነገር «ልዩነቱ የተፈጠረው በሰው ስህተትና በመሣሪያ ስህተት ነው» የሚለው ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ለየትኛውም ሙከራ ስለሚሆን ስለ የትኛውም ሙከራ ምንም አይናገርም።

ጠቃሚ ውይይት የስህተቱን ምንጭ ለይቶ ይጠራል፤ ውጤቱን ወደ የት እንደሚያጋድለውና በምን ያህል እንደሚያጋድለው ይናገራል። በፔንዱለሙ ሙከራ ርዝመቱ መለካት ያለበት እስከ ኳሷ መሐል ነው። ተማሪው ክሩ ኳሷን እስከሚነካበት ድረስ ብቻ ለክቶ ከሆነና የኳሷ ሬዲየስ 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 80 መሆን የነበረበት 79 ይሆናል፤ 9.78 መምጣት የነበረበት ወደ 9.66 ይወርዳል። ይህ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚጎትት ስህተት ነው። ሙከራውን አሥር ጊዜ መደጋገም አያስወግደውም። የሰዓቱ ስህተት ግን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ስለሆነ መደጋገም ይረዳዋል። ተማሪው ይህን ለይቶ ከጻፈ ውጤቱ 9.66 ቢሆንም ጥሩ ሪፖርት ነው። በዚህ አዘጋጅ አስተያየት ውይይት የሚባለው ክፍል የሚያስፈልገው ለዚህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ሰዓት፣ ቀንና ኤክሴል

ይህ ስህተት በውጭ አገር የአጻጻፍ መመሪያዎች ውስጥ የማይገኝ፣ የኢትዮጵያ ተማሪ ብቻ የሚገጥመው ነው። በኩልፎ ወንዝ ላይ ናሙና የወሰደ ቡድን ማስታወሻው ላይ «3፡00» ብሎ ይጽፋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ይኸው ቁጥር እንዳለ ይገባል፤ አንባቢውም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት አድርጎ ይረዳዋል። በውሃ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ከሙቀቱና ከዕፅዋቱ ሥራ ጋር በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ስለሚል የ6 ሰዓት ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። ዳታ የሚመዘግበው መሣሪያ ራሱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚሠራ ደግሞ በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዓት ይቀላቀላል። የትኛውም ቢመረጥ ችግር የለውም፤ ሰንጠረዡ አናት ላይ የትኛው እንደሆነ አንድ ጊዜ መጻፍ አለበት።

ቀኑም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ኤክሴል ውስጥ ሲገባ ፕሮግራሙ እንደ ፈረንጅ ቀን ይወስደዋል። ከኅዳር 1 እስከ የካቲት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ልክ 90 ቀን ነው። 1/3/2016 እና 1/6/2016 ተብሎ ገብቶ፣ ቀን በሚቀድምበት አቀማመጥ ሲቀናነስ ግን ኤክሴል ማርችና ጁን አድርጎ ስለሚያያቸው 92 ይላል። ጥቅምት 30 (30/2/2016) ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር የሌለ ቀን ስለሆነ ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ግራፉ ላይም ሳይታሰብ ቦታው ይዛባል። ጳጉሜን 13ኛ ወር አድርጎ ማስገባትማ ጭራሽ አይሞከርም። ኤክሴል ቀን ያልሆነውን ቀን እያደረገ ያስቸገረው የእኛን ተማሪ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የሰው ዘረ መሎችን ስም የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ባወጣው መመሪያ፣ ኤክሴል የወር ስም እየመሰለው ወደ ቀን የሚቀይራቸው አንዳንድ ስሞች ተለውጠዋል።

አሃድና ግራፍ

አሃድ የሌለው ቁጥር ከፈተና ወረቀት ላይ እንደተቆረጠ መልስ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፉት ምልክቶች ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያሉ፤ ትንሹ ኤም ሚሊ ሲሆን ትልቁ ኤም ሜጋ ስለሆነ በመካከላቸው የቢሊዮን እጥፍ ልዩነት አለ። በኮንክሪት ሙከራ 150 ሚሊ ሜትር ጎን ያለው ኩብ በ540 ኪሎ ኒውተን ሲሰበር ጥንካሬው 24 ሜጋ ፓስካል ነው። ኪሎውን ወደ ኒውተን ሳይቀይር ለ22,500 ካሬ ሚሊ ሜትር ያካፈለ ተማሪ 0.024 ያገኛል፤ ይህ ቁጥር የኮንክሪት ሊሆን እንደማይችል ቆም ብሎ ቢያስብ ይታወቀው ነበር።

ግራፍ ላይ የዘንጎቹ ስምና አሃድ መጻፍ አለበት። ነጥቦቹን በዚግዛግ እያገናኙ መሄድ የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚፈለገው በነጥቦቹ መሐል የሚያልፍ አንድ መስመር ነው። ከመስመሩ በጣም የራቀ ነጥብ ቢኖር አይጠፋም፤ ግራፉ ላይ ተትቶ በውይይቱ ውስጥ ይጠቀሳል።

ቋንቋ

በኢትዮጵያ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ሪፖርቱም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በጋሞኛ ወይም በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ መውጫው ይጠፋዋል፤ በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሐሳቡን እስከዚያ ማስረዘም ልማድ ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ኃላፊ ጊዜ፣ አንድ ሐሳብ በአንድ ጊዜ፤ ይህ ይበቃል። ኤክስፔሪመንትንና ኤክስፒሪየንስን፣ አፌክትንና ኢፌክትን ማምታታት የተለመደ ነው፤ የኮምፒውተሩ የፊደል ማረሚያም አይይዛቸውም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ናቸውና። ሌላው «ሕጉን አረጋገጥን» የሚለው አባባል ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የተሠራ ሙከራ ሕግ አያረጋግጥም፤ ውጤቱ ከሕጉ ጋር ይስማማል ወይም አይስማማም።

ያልተጠበቀውን መመዝገብ፦ የእንዶድ ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሰዎች ልብሳቸውን በእንዶድ በሚያጥቡበት የወንዝ ክፍል በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ይህ የመጡበት ጥያቄ አልነበረም፤ ነገር ግን አላለፉትም። ከዚህ ምልከታ የተነሣው ጥናት ለረጅም ዓመታት ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኝቶላቸዋል።

ታሪኩ ሌላም ገጽታ አለው። እንዶድ ለአገልግሎት እንዲውል የደህንነቱ ምርመራ «ጥሩ የላብራቶሪ አሠራር» በሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት መሠራት እንዳለበት ተጠይቆ፣ ይህም ብዙ ዓመታት ወስዷል። አክሊሉ በአፍሪካ ቤተ ሙከራዎች ሥራ ላይ ያለው ጥርጣሬ መዘግየቱን እንዳባባሰው ይናገሩ ነበር። ጥርጣሬው ፍትሐዊ ይሁንም አይሁን፣ የዚያ ደንብ ዋና ክፍል ተማሪው ሁልጊዜ ከሚሰማው ምክር ብዙ አይርቅም፦ ማን፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ እንደለካ ወዲያው በእስክሪብቶ መጻፍ።

የቡድን ሥራና ኩረጃ

የመሣሪያ እጥረት ስላለ ሙከራ ብዙውን ጊዜ በቡድን ይሠራል። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ የቀሩት ስልካቸውን ያያሉ፤ ማታ ሁሉም ከአንዱ ይገለብጣሉ። የባሰው ደግሞ ካለፈው ዓመት ተማሪ የተገኘ ሪፖርት ነው። ዳታን ከቡድን ጋር መጋራት የተፈቀደ ሲሆን ስሌቱና ውይይቱ ግን የየራስ መሆን አለበት። መምህራን የተገለበጠ ሪፖርት የሚይዙት በአብዛኛው በቃላቱ ሳይሆን በስህተቱ ነው። ሁለት ቡድኖች አንድ ዓይነት ትክክለኛ መልስ ማግኘታቸው የሚጠበቅ ነው፤ አንድ ዓይነት የተሳሳተ አሃዝ በአንድ ቦታ ላይ ማግኘታቸው ግን ከባድ ነው።

በላብ ደብተር ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሲጻፍ አይፋቅም፣ በነጭ ቀለምም አይሸፈንም። በላዩ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርና ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው እንዲነበብ ሆኖ ይቀራል። 95.5 ተሰርዞ 100 የተተካበት ደብተር እንኳ በዚህ መንገድ ቢሰረዝ ኖሮ መምህሩ የመጀመሪያውን አንብቦ ተማሪው በትክክል ለክቶ እንደነበር ማየት ይችል ነበር።